አድራሻ የሚሠራው ለማያውቅ ሰው ነው፦ መንገድ እንዴት ይሰየማል? ቤትስ እንዴት ቁጥር ይሰጠዋል?

ለ16 ዓመታት ሥራዬ የቤት ቁጥር መስጠት ነበር። ጎማ ያለው መለኪያ እየገፋሁ፣ ደብተር ይዤ፣ ስንት መንገድ በእግሬ እንደሄድኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ወደዚህ ሥራ የሚገቡ ወጣቶችን አሠለጥናለሁ። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "ከየት ነው የምንጀምረው?" ከካርታው ወይም ከኮምፒዩተሩ እንድላቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን ከአንድ ሰው ጀምሩ እላቸዋለሁ።

ያ ሰው የአምቡላንስ ሹፌር ነው። ሰፈሩን አያውቀውም። ሌሊት ነው፤ ዝናብ ይጥላል። በእጁ ያለው አንድ የመንገድ ስምና አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቆሞ የሚጠይቀው ሰው መንገድ ላይ የለም።

የሰፈሩ ሰው አድራሻ ብዙም አያስፈልገውም። ጎረቤቱን በስሙ፣ ቤቱን በበሩ ቀለም ያውቀዋል። አድራሻ የሚሠራው ለማያውቀው ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁን ሁሉ በዚያ ሹፌር ዓይን እያያችሁ አንብቡት። አንዳንዱ ቦታ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ ስህተት የሚበዛው እዚያ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ በእግር

ካርታ ያዙ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ የሚታይ መንገድ መሬት ላይ ስትደርሱ በጅረት ተቆርጦ ታገኙታላችሁ። ድልድይ የለውም። ከወዲህ ያለው ሰው ወዲያ ማዶ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት መዞር አለበት። እንዲህ ያለው መንገድ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ሁለት ስም ስጡት። አንድ ስም ከሰጣችሁት የእኛ ሹፌር ውኃው ዳር ቆሞ የሚፈልገውን ቤት ከማዶ ያየዋል።

ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዱ ይለካል፤ ሌላው ይጽፋል። ለእያንዳንዱ ግቢ የምትመዘግቡት ይህን ነው፤ ዋናው በር ወደ የትኛው መንገድ እንደሚከፈት፣ በሩ ከመንገዱ መነሻ ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ ግቢው ውስጥ ራሱን የቻለ ስንት ቤት እንዳለ፣ ሰዉ መንገዱን ምን ብሎ እንደሚጠራው። የመጨረሻውን አንድ ሰው ብቻ ጠይቃችሁ አትለፉ። ሱቅ ውስጥ ያለውን፣ በር ላይ የተቀመጠችውን፣ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ጠይቁ።

ስለ በሩ ትንሽ ልጨምር። ቁጥር የሚሰጠው ለመግቢያው እንጂ ለመሬቱ አይደለም። የይዞታ ቁጥር ሌላ ነገር ነው። እሱ መሬቱ የማን እንደሆነና ምን ያህል እንደሚሰፋ ለመመዝገብ የተሠራ ነው። መሬቱ ሲከፈል ወይም ከሌላው ጋር ሲቀላቀል ቁጥሩም ይለወጣል። ደቡብ ኮሪያ ለረጅም ዘመን አድራሻዋን በይዞታ ቁጥር ላይ መሥርታ ኖራለች። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤቶች ቁጥራቸው የማይገናኝበት ቦታ ብዙ ነበር። ሥርዓቱን በሙሉ ለመቀየር ዓመታት ፈጀባት። በመንገድ ስም ላይ የተመሠረተው አዲሱ አድራሻ ብቸኛው ሕጋዊ አድራሻ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ ነው። ይዞታንና አድራሻን ከመጀመሪያው ለይታችሁ ብትይዙ ይህ ሁሉ ድካም ይቀርላችኋል።

ቁጥሩ ምንን ይከተላል?

ቁጥር ወይ አካባቢን ይከተላል፣ ወይ መንገድን። ምርጫው ቀላል ይመስላል፤ ግን ለመቶ ዓመት የሚያስር ውሳኔ ነው።

በቪየና ቤቶች ቁጥር የተሰጣቸው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው። የኦስትሪያ ገዢ የነበረችው ማሪያ ቴሬዛ ያዘዘችው ለፖስታ ወይም ለሐኪም ብላ አልነበረም። ለጦር የሚመለመለው ወንድ የት እንዳለ ማወቅ ፈልጋ ነው። ቁጥሩ በየአካባቢው ከ1 ይነሳል። አዲስ ቤት ሲሠራ የሚወስደው ቀጣዩን ቁጥር ነው፤ ጎረቤቱ ስንትም ይሁን ስንት። ቁጥሮቹ ውለው አድረው ተዘበራረቁ። ቪየና እ.ኤ.አ. በ1862 ቁጥሩን ከመንገድ ጋር አሰረችው። ቬኒስ ግን ዛሬም አካባቢን ይዛ ቀጥላለች። ከተማዋ በ6 ክፍሎች ትከፈላለች፤ በእያንዳንዱ ክፍል ቁጥሩ ከ1 ተነስቶ ወደ ሺዎች ይዘልቃል። ካስቴሎ በሚባለው ክፍል ከ6,000 ያልፋል። የክፍሉን ስምና ቁጥሩን ብቻ ይዞ የመጣ እንግዳ መከራውን ያያል።

ይህን ስል ግን አካባቢን የሚከተል ቁጥር ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በጃፓን አብዛኛው መንገድ ስም የለውም። አድራሻው ከሰፈር ወደ ብሎክ፣ ከብሎክ ወደ ቤት ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው ሕግ በብዙ ከተሞች ብሎኮቹንና ቤቶቹን በሥርዓት እንዲቆጠሩ አድርጓል። ቤቶች ተጠጋግተው በተሠሩበት፣ መተላለፊያው ለእግር ብቻ በሚበቃበት፣ "ይህ መንገድ ከዚህ ጀምሮ እዚህ ያልቃል" ማለት በማይቻልበት ሰፈር እኔም ይህንኑ ነው የምመክረው። ሰፈሩን በመኪና መንገድ ወይም በጅረት አጥሩት፤ በብሎክ ክፈሉት፤ ከአንድ ጥግ ተነስታችሁ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ እየዞራችሁ በሮቹን ቁጠሩ። በየብሎኩ መግቢያ ላይ ካርታ ይተከል። ያለ ካርታው ይህ አሠራር አይሠራም።

መኪና የሚገባበት መንገድ ካለ ግን መንገዱን ተከተሉ።

በተርታ አትቁጠሩ

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ሰፈሬን ቁጥር የሰጠሁት በተርታ ነው። በግራ በኩል 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያልኩ ሄድኩ። በ11 እና በ13 መካከል ሰፊ ባዶ መሬት ነበር። ዘልዬው አለፍኩ። ከስድስት ዓመት በኋላ እዚያ መሬት ላይ አራት ቤት ተሠራ። የሚሰጣቸው ቁጥር የለም። 11ሀ፣ 11ለ፣ 11ሐ፣ 11መ ተባሉ።

አንድ ሌሊት ከነዚህ ቤቶች በአንዱ ሰው ታመመ። ቤተሰቡ ደውሎ "አሥራ አንድ ሀ" አለ። መኪናው ሄዶ የቆመው 11ሐ በር ላይ ነበር። ጮክ ብላችሁ በሉት፤ "ሀ" እና "ሐ" በስልክ አንድ ናቸው። በር ሲያንኳኩ፣ ሰው ሲቀሰቅሱ፣ ሲጠያየቁ ደቂቃዎች ሄዱ። በሽተኛዋ ተርፋለች። እኔ ግን ያንን ሌሊት አልረሳውም። ቢሮ ተቀምጬ በብዕር የጻፍኩት ፊደል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አጥብቄ እይዛለሁ። የመጀመሪያው፣ ፊደል መጨመር ግድ ሲሆን ድምፃቸው የሚመሳሰሉትን መዝለል ነው። ሐ፣ ሠ፣ ኀ፣ ዐ እና ፀ ከአድራሻ ውጭ ይሁኑ። ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ በ ይበቃሉ። ከዚያ በላይ ካስፈለጋችሁ ችግሩ ከፊደሉ ሳይሆን ከቁጥሩ አሰጣጥ ነው።

ሁለተኛው፣ ቁጥሩን በርቀት መስጠት ነው። ይህን በደንብ ላስረዳ፤ ከጽሑፉ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

መንገዱን ከመነሻው ጀምራችሁ በ20 ሜትር በ20 ሜትር ክፈሉት። የመጀመሪያው 20 ሜትር በግራ 1፣ በቀኝ 2 ነው። ሁለተኛው በግራ 3፣ በቀኝ 4። እንዲህ እያለ ይቀጥላል፤ ቤት ይኑር አይኑር። አሁን ከመነሻው 137 ሜትር ላይ፣ በቀኝ በኩል ያለ አንድ በር እንውሰድ። 137 ሜትር የሚያርፈው ከ120 እስከ 140 ባለው ሰባተኛው ክፍል ውስጥ ነው። የሰባተኛው ክፍል ቁጥሮች 13 እና 14 ናቸው። በሩ በቀኝ ስለሆነ 14 ይሆናል። ከፊት ለፊቱ ያለው 13 ነው።

ባዶው መሬት ላይ ነገ ቤት ቢሠራ ቁጥሩ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ማንንም መጠየቅ፣ ፊደል መቀጠል የለም። ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ቁጥሩ ላይ አንድ ዜሮ ጨምሩበት፤ 14 ሲሆን 140 ይሆናል። በሩ ከመንገዱ መነሻ ስንት ሜትር ገደማ እንደሚርቅ ነገራችሁ ማለት ነው። ሹፌራችን ቁጥሩን ማየት ባይችል እንኳ የመኪናውን ኪሎ ሜትር ቆጣሪ አይቶ ይቆማል። ደቡብ ኮሪያ አዲሱን አድራሻዋን የሠራችው በዚሁ በ20 ሜትር ነው። ኒውዚላንድ በገጠር መንገዶቿ ላይ የምትሰጠው ቁጥርም በ10 ሲባዛ ከመንገዱ መነሻ ያለውን ርቀት በሜትር ይሰጣል። ኮሎምቢያ ውስጥ ደግሞ በአድራሻው የመጨረሻ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በሩ ከቅርቡ መስቀለኛ መንገድ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ይነግራል።

20 የተቀደሰ ቁጥር አይደለም። የቤቶቹ ፊት ጠባብ ከሆነ ሁለት በር አንድ ክፍል ውስጥ ይወድቃል። ያኔ ክፍሉን ወደ 10 ሜትር አውርዱት። ለዚህ ነው ቀድሜ በእግር ሂዱ፣ ርቀቱን መዝግቡ ያልኳችሁ። በሮቹ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ሳታዩ ክፍሉን አትወስኑ። አንዴ ከወሰናችሁ ግን በመላው ከተማ አንድ ዓይነት ይሁን። በአንዱ ሰፈር 20፣ በሌላው 10 ከሆነ ቁጥሩ ርቀት መናገሩ ያበቃል።

ነዋሪው ቅር ሊለው እንደሚችል ከወዲሁ እወቁ። "ጎረቤቴ 14 ነው። መሃላችን ቤት የለም። እኔ እንዴት 22 እሆናለሁ? የኔ ስምንት ቁጥር ማን ወሰደው?" ብለው ቢሮዬ ድረስ የመጡ ብዙ ናቸው። ሰዎቹ ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቁት። መለኪያውን ይዤ አብሬያቸው እሄድና ከበር እስከ በር እናስገፋዋለን። ሜትሩን በዓይናቸው ሲያዩ ቅሬታው ይለቃቸዋል። ከዚያ በኋላ እነሱ ናቸው ለሌላው የሚያስረዱት።

መነሻው የት ነው? ግራና ቀኝስ?

ጎዶሎ በግራ፣ ሙሉ በቀኝ። ይህን በሰፊው ያስለመደችው ፓሪስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1805 በወጣ ድንጋጌ ከሴን ወንዝ የሚርቁ መንገዶች ቁጥራቸው ከወንዙ እንዲጀምር፣ ከወንዙ ጋር ጎን ለጎን የሚሄዱት ደግሞ የውኃውን ፍሰት እንዲከተሉ ተደረገ። አንድ መነሻ፣ አንድ ሕግ። ፓሪስ ውስጥ ከወንዙ በሚርቅ መንገድ ላይ የቤት ቁጥር ሲያንስ ወንዙ እንደቀረበ ታውቃላችሁ።

ከዚህ ምሳሌ መውሰድ ያለባችሁ መነሻው የማይንቀሳቀስ ነገር መሆን እንዳለበት ነው። ወንዝ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ዋና ጎዳና። ቺካጎ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ ቁጥሯን እንደ አዲስ ስታዋቅር ስቴትና ማዲሰን የሚባሉት ሁለት ጎዳናዎች የሚገናኙበትን ቦታ ዜሮ አደረገች። ከዚያ ነጥብ ወደ አራቱም አቅጣጫ፣ በደቡብ ካሉ ጥቂት ማይሎች በቀር፣ ለአንድ ማይል 800 ቁጥር ሰጠች። 1600 ሰሜን ካላችሁ ሁለት ማይል ወደ ሰሜን ነው። ለዚህ ካርታ አያስፈልግም።

መነሻውን ከከተማው መሃል አድርጉ። ከተማ የሚያድገው ወደ ዳር ነው። ከዳር ከጀመራችሁ ነገ ከ1 በፊት ቤት ይሠራል፤ ከ1 በፊት ደግሞ ቁጥር የለም። የመንገድ ጫፍ ሲቆረጥም ችግር ነው። በርሊን ውስጥ ያለው ታዋቂው ኩርፉርስተንዳም ጎዳና ቁጥሩ የሚጀምረው ከ11 ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 የመጀመሪያው ክፍል ሌላ ስም ሲሰጠው ከ1 እስከ 10 ያለው አብሮ ሄደ።

በርሊንን ካነሳሁ አይቀር፣ እዚያ በአንዳንድ መንገዶች ቁጥሩ በአንዱ ወገን ይወጣና መጨረሻው ላይ ዞሮ በሌላው ወገን ይመለሳል። 5 ቁጥር ፊት ለፊት 112 ቁጥር ሊሆን ይችላል። እንዲህ አታድርጉ። መንገዱ ሲረዝም ማስቀጠያ የለውም።

ስም

አሁን ወደሚያጨቃጭቀው ደረስን።

የመጀመሪያው ሕግ አንድ ስም ለአንድ መንገድ ነው። ተራ ነገር ይመስላል። ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው መንገዶች በብዛት ነበሩ፤ እነሱን ለመቀየር አሥርተ ዓመታት ፈጅቷል። በአትላንታ "ፒችትሪ" የሚል ቃል ያለባቸው መንገዶች ወደ 70 ይደርሳሉ። በኒውዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ደግሞ 60ኛ አቬኑ፣ 60ኛ ሮድ፣ 60ኛ ድራይቭ፣ 60ኛ ስትሪት፣ 60ኛ ፕሌስ፣ 60ኛ ሌን ሁሉም አሉ። ስለዚህ "ጎዳና" እና "መንገድ" በሚል ቃል ብቻ ሁለት ስሞችን አትለዩ። በችኮላ የሚናገር ሰው የመጨረሻውን ቃል ይውጠዋል።

የስም ዝርዝሩ ሲዘጋጅ እኔ የማደርገው ፈተና ይህ ነው። አንድ ሰው ሌላ ክፍል ይገባና በስልክ ስሞቹን ያነባል፤ በፍጥነት፣ ከበስተኋላው ሬዲዮ ተከፍቶ። ሌላው የሰማውን ይጽፋል። የተሳሳተው ስም ሁሉ ከዝርዝሩ ይወጣል ወይም ሌላ ሰፈር ይላካል። ይህን ፈተና አንድ ከሰዓት በኋላ ትጨርሱታላችሁ።

ቀጥሎ የፊደል ነገር አለ። "ፀሐይ"፣ "ጸሐይ"፣ "ፀሀይ" ስንል ለእኛ አንድ ቃል ነው። ለኮምፒዩተር ሦስት ነው። ታፔላው ላይ በአንዱ፣ መዝገቡ ላይ በሌላው ተጽፎ ፈላጊው "የለም" የሚል መልስ ሲያገኝ አይቻለሁ። ለእያንዳንዱ ስም አንድ አጻጻፍ ወስኑና ጻፉት። ከጎኑ ሰዎች ሊጽፉት የሚችሉትን ሌሎች አጻጻፎች ሁሉ በመዝገቡ ውስጥ አስገቡ፤ ፍለጋው በየትኛውም ይምጣ ወደ አንዱ ይመልስ። በላቲን ፊደል የሚጻፈውንም እንዲሁ። ታፔላ ሠሪው በራሱ ግምት እንዲጽፈው አትተዉት።

ስሙ ከየት ይምጣ? የኔ አቋም ግልጽ ነው። ሰዉ ቀድሞ የሚጠራበት ስም ካለ እሱን ውሰዱ። አንድ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ለዘመናት በሚያውቀው መንገድ ላይ አዲስና ትልቅ ስም ያለው ታፔላ ተክለን ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ያው የድሮው ስም ነው የሚጠራው። ደዋዩ በድሮው ይናገራል፤ መዝገቡ በአዲሱ ያውቃል። መሃል ላይ የሚጎዳው ሹፌሩ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቀውም። አንድን ሰው ማክበር ከፈለጋችሁ አዲስ የሚከፈት መንገድ ምረጡለት። በሕይወት ያለን ሰው ስም ከመስጠት ደግሞ ታገሡ፤ ስም ሲለወጥ ሺህ ሰው አድራሻው ይለወጣል።

አዲስ ሰፈር ሲሠራ ስሞቹን ከአንድ ወገን ማድረግ ጥሩ ነው። በሜክሲኮ ሲቲ አንድ ሰፈር ውስጥ መንገዶቹ የወንዝ ስም አላቸው፤ በሌላው የፈላስፎች። የወንዝ ስም ስትሰሙ ሰፈሩን አወቃችሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የስልኩን ፈተና አትርሱ፤ አንድ ወገን የሆኑ ስሞች ይመሳሰላሉ። መንገዶቹ ቀጥ ብለው እንደ መረብ የተዘረጉበት ቦታ ላይ ግን ከቁጥር የተሻለ ስም የለም። ማንሃታን እ.ኤ.አ. በ1811 እቅዷ መንገዶቿን በቁጥር ሰየመች፤ እስከ 155ኛ ድረስ። 42ኛው ላይ የቆመ ሰው 50ኛው በየት በኩል እንደሆነ ያውቃል። በጠመዝማዛ መንገዶች ላይ ይህን አትሞክሩት።

አስቸጋሪ በሮች

የማዕዘን ቤት ሁለት መንገድ ይነካል። አድራሻው ዋናው በር በሚከፈትበት መንገድ ነው፤ ሌላው በኩል የሚገባውን ቁጥር ግን በመዝገብ ያዙለት። ነገ በሩን ቢያዞር ይጠቅመዋል።

በጓሮ ያሉ ቤቶች የፊቱን በር ቁጥር ይይዙና ከኋላው የቤት ቁጥር ይጨምራሉ፤ 14 ቤት 2፣ 14 ቤት 3። ወደ ውስጥ የሚያስገባው መተላለፊያ ላይ ከአምስት የበለጠ በር ካለ ግን ለመተላለፊያው ስም ስጡት። ብዙዎች ይህን ሥራ ስለሚያበዛ ይሸሹታል። መተላለፊያው ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ግን ዋናው መንገድ ላይ እንደሚኖሩት እኩል ይታመማሉ።

በፎቅ ሕንፃ ላይ የአፓርታማው ቁጥር ፎቁን ይናገር። 704 ሰባተኛ ፎቅ፣ አራተኛ በር ነው። 4ን ወይም 13ን መጥፎ ዕድል ነው ብለው የሚዘሉ ገንቢዎች በብዙ አገር አሉ። ቫንኩቨር እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን ከልክላለች። ከውጭ ሆኖ ፎቅ የሚቆጥር የእሳት አደጋ ሠራተኛ አሥራ አምስተኛ የተባለው በእርግጥ አሥራ ሦስተኛው መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እናንተም ከልክሉ።

ታፔላና መዝገብ

የመንገዱ ስም በሁለቱም ጫፍ፣ በየመስቀለኛውም ይኑር። በመኪና መብራት የሚያበራ ቀለም ይሁን። የቤት ቁጥሩን የሚከፈት በር ላይ አትለጥፉ፤ በሩ ተከፍቶ ሲቆም ቁጥሩ ይሰወራል። ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ወይም ምሰሶው ላይ አድርጉት፤ ዛፍ በማይጋርደው ከፍታ።

መዝገቡ ከታፔላው ይበልጣል። እያንዳንዱ በር በመዝገቡ ውስጥ ፈጽሞ የማይለወጥ የራሱ መለያ ይኑረው። የመንገዱ ስም ቢቀየር፣ ቁጥሩ ቢቀየር፣ መለያው ያው ነው። የጂፒኤስ ነጥቡን ከመሬቱ መሃል ሳይሆን ከበሩ ላይ ውሰዱ። የቀረ አድራሻ አታጥፉ፤ "ከዚህ ቀን ጀምሮ አይሠራም" ብላችሁ አቆዩት። የድሮው ወረቀት ሁልጊዜ አንድ ቀን ይመጣል።

መዝገቡን ለአምቡላንስ፣ ለእሳት አደጋ፣ ለፖስታ፣ ለመብራት፣ ለውኃና ካርታ ለሚሠሩ ሁሉ በአንድ ቀን ላኩ። ለውጥ ሲኖርም እንዲሁ። ሰዎች በስልካቸው የሚያገኙት ፕላስ ኮድ የሚባል የፊደልና የቁጥር ጥምረት አለ። አድራሻ በሌለበት ቦታ ትልቅ እርዳታ ነው፤ በመዝገባችሁ ውስጥ ጨምሩት። ግን በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው ቃል በቃል ሊያስታውሰው የሚችለው የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር ነው። አንዱ ሌላውን አይተካውም።

የድሮውን ስትለውጡ

አንድ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል። የቤታቸውን ቁጥር እኛ ለውጠናል። የይዞታ ወረቀታቸው ላይ ያለው የድሮው ነው። ጉዳያቸውን ይዘው አንድ መሥሪያ ቤት ሄዱ። "ይህ ቤት የእርስዎ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?" ተባሉ። ለወራት ተመላለሱ። እንባ ሲተናነቃቸው ከፊቴ ቆመው ነበር። ጥፋቱ ከእኛ ይጀምራል፤ ቁጥሩን ስንለውጥ በእጃቸው የሰጠናቸው ወረቀት አልነበረም።

ስለዚህ ቁጥር ስትለውጡ ለእያንዳንዱ ቤት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ስጡ፤ የድሮው አድራሻ ይህ ነበር፣ አዲሱ ይህ ነው፣ ቤቱ አንድ ነው የሚል። ያለ ክፍያ። ደብዳቤው ከታፔላው ቀድሞ ይድረስ። ሰፈሩን በሙሉ በአንድ ቀን ለውጡት፤ ግማሹ በአዲስ ግማሹ በድሮ ሆኖ አይቆይ። ለአንድ ዓመት ያህል የድሮው ቁጥር በትንሹ፣ በላዩ ላይ ሰረዝ ተደርጎበት፣ ከአዲሱ ጎን ይቆይ።

ሁሉም አልቋል ብላችሁ ስታስቡ አንድ ሥራ ይቀራል። ሰፈሩን የማያውቅ ሹፌር ፈልጉ። ሌሊት ይሁን። ከመዝገቡ አሥር አድራሻ በዘፈቀደ ምረጡና በስልክ አንብቡለት፤ አንዴ ብቻ። እናንተ ከኋላው ወንበር ተቀመጡ። አትናገሩ፣ አትጠቁሙ። የት እንዳመነታ፣ የት እንደዞረ፣ የት ወርዶ ቁጥር በእጅ ባትሪ እንደፈለገ ጻፉ። በማግስቱ እነዚያን ቦታዎች አስተካክሉ። ከዚያ ሌላ ሹፌር፣ ሌላ አሥር አድራሻ።